ባለ ሁለት ዓይን ጠላቶች

ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወደ ውቤ በረሃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከየሺ ሻይ ቤት ፊት ለፊት፣ ዘርኡ የሚባል ሠዓሊ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ክፍሏ የቀበሌ ቤት ነበረች። በር እንጂ መስኮት አልነበራትም፤ ጣሪያዋም ዝናብ በመጣ ቁጥር ያፈስ ነበር። ሆኖም ዘርኡ በዚህች ክፍል የሥጋ ቤቶችን በሬ፣ የፀጉር አስተካካዮችን መቀስ፣ የልብስ ሰፊዎችን ሱሪ በቆርቆሮ ላይ እየሣለ ሚስቱን ወይኒንና ራሱን በክብር ያስተዳድር ነበርና፣ በቤተ መንግሥት ለውጥ ቢሉት እሺ የሚል ሰው አልነበረም።

በ1976 ዓ.ም. ክረምት የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ተቃርቦ ከተማው ሁሉ ይቀባ ጀመር። በዚያ ክረምት በአገሩ ሌላ የጠፋ ነገር ነበረ፤ ቀይ ቀለም ግን አልጠፋም። ከዕለታት አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ጥላዬ ጎንበስ ብሎ ወደ ዘርኡ ክፍል ገባ። ጓድ ጥላዬ ቀጭን፣ ረጅም፣ ግንባሩ ከተቋጠረ የማይፈታ፣ «እንደምን አደርክ» ሲሉት ለምን እንደተጠየቀ የሚመረምር ሰው ነበር። ስለዚህም የሚጠይቀው ሰው እያነሰ ሄዶ፣ ከቤቱ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አንድም ሰላምታ ሳያገኝ የሚደርስበት ቀን ይበዛ ነበር።

«ከየሺ ሻይ ቤት ጎን ባለው በቀበሌው አዳራሽ የውጭ ግድግዳ ላይ የሕዝቡን ሦስት ጠላቶች ትሥላለህ» አለው። «ፊውዳሊዝምን፣ ኢምፔሪያሊዝምንና ቢሮክራቲክ ካፒታሊዝምን። ሕዝቡ ሲያልፍ ሲያገድም አይቷቸው ጥርሱን እንዲነክስ አድርገህ።»

«እሺ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ከበዓሉ በፊት ቀበሌዎቹን ከሚመራው ከከፍተኛው ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ከወደዱት ክፍሉ ያንተ እንደሆነ ይቀጥላል። ካልወደዱት ለኅብረት ሱቁ መጋዘን እንፈልገዋለን።»

«ለመጋዘን አይሆንም። ጣሪያው ያፈሳል።»

«ለሰው ከሆነ ለጆንያ አያንስም» አለና ወጣ።

ዘርኡ ሥራውን የተማረው ከአባቱ ነው። አባቱ መሪጌታ በርሄ በአክሱም አውራጃ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ለልጃቸውም ከሁሉ አስቀድመው ያወረሱት አንድ ሕግ ነበር። ጻድቅ የሆነ ሁሉ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ አሳዳጆችና ቀማኞች ግን በጎናቸው ዞረው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ምእመን ሥዕሉን ሊሳለም ሲጠጋ ዓይኑ ከክፉ ዓይን ጋር እንዳይጋጠም ነው። ዘርኡ የሥጋ ቤት በሬ ሲሥል እንኳ ይህን ሕግ ተላልፎ አያውቅም፤ በሬው ንጹሕ ፍጡር ነውና በሁለት ዓይኑ ያይ ነበር።

እንግዲህ ሦስቱን ጠላቶች በአባቱ ሕግ ሣላቸው። ጥርሳቸው የረዘመ፣ አፍንጫቸው የተቆለመመ፣ አንድ አንድ ዓይናቸው የጎረጠ ሦስት ፍጡራን ወደ ግራ ዞረው ቆሙ። ጓድ ጥላዬ መጥቶ አያቸው፤ በእሺታም ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ያለ ችግር ያልቅ ነበር፣ የሺ የሻይ ሰሐን ይዛ ደጃፏ ላይ ባትቆም ኖሮ። የሺ ምላሷ የአራዳ ነው፤ ያየችውን ሳትናገር ማደር ሕመም ይሆንባታል።

«ጋሽ ዘርኡ፣ እነዚያ ላይ ያሉት ሦስቱ ጢማሞችስ ምን በደሉ?» አለች።

በዚያው ግድግዳ ጫፍ ላይ ከበላይ አካል የተላከ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። በሰሌዳው ላይ የዓለም ወዛደር መምህራን የተባሉት ሦስት ጢማም ሰዎች፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ሆነው፣ ሦስቱም ወደ ግራ ዞረው ይታዩ ነበር።

«እነሱም አንድ አንድ ዓይን ነው ያላቸው» አለች የሺ። «የሚሄዱትም ወደ አንድ ወገን ነው። ላይኞቹ ታችኞቹን እየመሩ ይመስላል።»

ጓድ ጥላዬ ወደ ላይ አየ። ወደ ታችም አየ። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ።

«ጠላቶቹን አዙራቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፊት ለፊት ይዩ። በሁለት ዓይን።»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ክፉ በሁለት ዓይን አይሣልም።»

«እነዚያን ላዞራቸው ታዲያ?» ሲል ወደ ጢማሞቹ በአገጩ አመለከተ።

ዘርኡ ነጭ ቀለም ቀብቶ እንደ ገና ጀመረ። ነገር ግን እጁ እምቢ አለ። የዚያ እጅ ባለ ሁለት ዓይን ፊት ሁሉ ወደ ጽድቅ ያዘነብል ነበር። ፊውዳሊዝምን ፊት ለፊት ቢያቆመው ጢሙ ተንዠርጎ ሊባርክ የተነሣ ጳጳስ ሆነ። ኢምፔሪያሊዝም ረጅም ባርኔጣውን ቢያወልቅ ከመላእክት አንዱን ይመስል ነበር። ዘርኡ ባርኔጣውን እንዳያወልቅ አደረገው፤ ብሩሹ ግን ሳያስበው በራሱ ዙሪያ ቢጫ ብርሃን ጀምሮ አገኘው። ፊቱን አጥፍቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጆንያዎቹ ተደርድረውበት የክፍሉ ጥግ ታየው።

እንዲህ እንዳለ የወይኒ ወንድም መድኃኔ መጣ። መድኃኔ በራፉን ሞልቶ የሚገባ፣ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ የመኪና ሜካኒክ ነው። ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቱ የሞተር ሥራ እንዲማር ወደ ጃፓን ልኮት ተመልሷል። ከዚያ በመጣ ጊዜ በቁልፎቹ ላይ አንዲት ሮዝ የጎማ አሳማ አንጠልጥሎ መጣ፤ ጉንጯ ያበጠ፣ እግሮቿ ከጣት ጫፍ የማይበልጡ ትንሽ አሳማ። በጋራዡ ያልሳቀበት አልነበረም፤ እሱ ግን ደንታም አልነበረው።

«አሁንም ያቺን እርኩስ ተሸክመህ ትዞራለህ?» አለው ዘርኡ።

«እዚያ አገር አያት የሆነ ሰው ይዟት ይዞራል። የኔ አስተማሪ ስድሳ ዓመቱ ነው፤ በጓንቱ ላይ ጥንቸል ነበረችው።»

«አእምሮው ደኅና ነው?»

«ሞተር በጆሮው ብቻ አዳምጦ በሽታውን የሚናገር ሰው ነው። ስማ፣ እዚያ ባንኩ የራሱ እንስሳ አለው፤ የእሳት አደጋው አለው። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሳይቀር አንድ ጉንጫም ቡችላ ኮፍያ ደፍቶ ሰላምታ ይሰጥሃል።»

«ሌባው አይስቅም?»

«ይስቃል እንጂ። እየሳቀ ይገባል።»

ዘርኡ ብሩሹን አስቀመጠ።

«መንገድ ቆፍረው ሲዘጉብህ» አለ መድኃኔ፣ «ተናደህ ልትሳደብ ትቀርባለህ። ሰሌዳው ላይ የራስ ቁር ያጠለቀች የድብ ግልገል ጎንበስ ብላ ይቅርታ ትጠይቅሃለች። አፍህን የከፈትኸው ለስድብ ነበር፤ ፊቷን ስታይ ትዘጋዋለህ። ካዋይ ይሉታል። ልጃገረዶቹ በየእርምጃቸው ነው የሚሉት፤ እኛ ‹ያሳሳል› እንደምንለው ነው። እኛ ግን ለሕፃን ብቻ እንለዋለን፤ እነሱ ለባንክም ይሉታል።»

ከሻንጣውም የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። በተማረበት ጋራዥ ውስጥ ሠራተኞች የራስ ቁር እንዲያደርጉ የሚያስጠነቅቅ ሥዕል ነበረ፤ ያቺው የድብ ግልገል በላዩ ላይ ቆማለች። ዘርኡ ወደ በሩ ብርሃን አወጣው። ግልገሏ ፊት ለፊት ታያለች፤ ዓይኖቿም ሁለት ናቸው። ነገር ግን አትባርክም፤ አትፈርድም። እንደ ጻድቅ አትመለከትህም፤ እንደ ኃጥእም አትሸሽህም። ዘርኡ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፊት አይቶ አያውቅም ነበር።

«እንዴት ነው የተሠራችው?» አለ።

«ራሷን አተልቀዋል። ዓይኖቿን ወደ ታች አውርደው አራርቀዋቸዋል። አፏን አሳንሰው፣ እጅና እግሯን አሳጠሩ። ከዚያ ጉንጭ ነው፤ ጉንጭ አይሰስቱም።»

በማግሥቱ ዘርኡ ሦስቱን ጠላቶች በዚህ ሥርዓት ሣላቸው። ወይኒ ምሳውን ልታደርስለት መጥታ ሳሕኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«አንተ ሰው፣ ይህ የሕዝብ ጠላት ሳይሆን የክርስትና ልጅ ነው» አለችው።

«ጥርስ እጨምርበታለሁ።»

ጨመረም። በዚያች ትንሽ አፍ ውስጥ ግን ከአንድ ጥርስ በላይ ቦታ አልነበረም። አንዲቱም ጥርስ ብቅ ባለች ጊዜ፣ ኢምፔሪያሊዝም ትናንት ጥርስ ያበቀለ ሕፃን ሆነ። ዘርኡ ይህን አውቆ አደረገው ወይስ ሳያውቅ የሚል ጠያቂ ይኖር ይሆናል። እውነቱን መደበቅ አይገባም፤ የፊውዳሊዝምን ጉንጭ ለሁለተኛ ጊዜ ሮዝ ሲቀባ ብቻውን ይስቅ ነበር።

ጓድ ጥላዬ በዚያ ሳምንት ለፖለቲካ ትምህርት ከከተማ ወጥቶ ነበርና ሥዕሉን የሚከለክል አልተገኘም። ሕዝቡ ግን አገኘው። ስኳር ለመቀበል በአዳራሹ ጎን የሚሰለፉት ሴቶች፣ ሲገፋፉና ሲሰዳደቡ የኖሩት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዝም ማለት ጀመሩ። ረጅም ባርኔጣ ያደረገውን «ድንቡሼ» አሉት። ቦርሳ ያቀፈውን ቢሮክራቲክ ካፒታሊዝምን አንዲት እናት ትክ ብላ አየችና «ይሄ ደግሞ ምን አድርጎ ነው ጠላት የተባለው? ማን አስቀይሞት ነው?» ስትል ጠየቀች።

ከሁሉ የባሱት ግን ጋሽ አብርሃ ነበሩ። ጋሽ አብርሃ በቀድሞው ዘመን በዚያ ሰፈር ብዙ የሚከራዩ ቤቶች የነበሯቸው፣ በአዋጅ ተወርሰውባቸው ከዚያ ወዲህ በአንዱ ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው ለቀበሌ ኪራይ የሚከፍሉ ሽማግሌ ናቸው። በየጠዋቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከፊውዳሊዝም ሥዕል አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ።

«እኔን ነው የሣልኸኝ፣ ልጄ» አሉት ዘርኡን። «ዐሥር ዓመት ሙሉ በየግድግዳው ጅብ አድርገው ሲሥሉኝ ኖሩ። ካባዬን ሳይቀር አሳምረህ አለበስኸኝ።»

ጓድ ጥላዬ በተመለሰ ዕለት ዶፍ ይዘንብ ነበር። በአዳራሹ ፊት ደርሶ ያየውን ለማመን ዓይኑን ሁለት ጊዜ ጠረገ። አንድ ደግ ሰው፣ ዝናብ እንዳይመታቸው ብሎ፣ በሦስቱ ጠላቶች ላይ ከጣሪያው ክፈፍ ላስቲክ አንጠልጥሎላቸው ነበር። ከላይ የተሰቀሉት ጢማሞች ግን ዝናቡን እየተቀበሉ ነበር።

ዘርኡን አስጠራው። የሺም ሳትጠራ መጣች።

«አንድ ሙሉ ዓመት» አለ ጓድ ጥላዬ፣ «በየሳምንቱ ሰብስቤ ፊውዳሊዝምን እንዲጠላ ያስተማርሁት ሕዝብ ነው። ላስቲክ አለበሰው።»

«ሁለት ዓይን እንዳሉኝ ነው ያደረግሁት፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«አጥፋቸው። ገምጋሚዎቹ ነገ ይመጣሉ።»

«የዘይት ቀለም ነው። በዚህ ዝናብ አልደረቀም። በላዩ ነጭ ብደርብበት ተቦካክቶ ግድግዳው ሁሉ ሮዝ ይሆናል።»

ጓድ ጥላዬ ይህን በዓይነ ሕሊናው ተመለከተ፤ ሮዝ ግድግዳና ጓድ እፀገነትን አንድ ላይ። ጓድ እፀገነት የከፍተኛው የቅስቀሳ ኃላፊ ናት። ስትስቅ ያየ የለም፤ በአንድ ቀበሌ ጠማማ ሰሌዳ አግኝታ የሰቀለውን ሰው ከነመሰላሉ እንዳስወገደችው ይወራል።

«ክፍሉን ዛሬውኑ ታስረክባለህ» አለ። «እኔም ምናልባት ነገ ወንበሬን አስረክባለሁ።»

ዘርኡ ዕቃውን ሊሰበስብ ዞረ። የተናገረችው የሺ ናት።

«ለምን ታጠፏቸዋላችሁ? ስማቸውን ለውጡት። መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሲኒማ ቤቱም ስሙ ሲለወጥ አየን፤ አንዱም አልፈረሰም።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ያንኑ ዕለት ዘርኡ በላስቲኩ ሥር ገብቶ ሥራ ጀመረ። የኢምፔሪያሊዝም ረጅም ባርኔጣ ተቆርጦ የወዛደር የራስ ቁር ሆነ። የፊውዳሊዝም ካባ በቡናማ ተሸፍኖ ሸሚዝ ሆነ፤ የያዘው አለንጋ ታጥፎ ማጭድ ሆነ። የቢሮክራቲክ ካፒታሊዝም ቦርሳ የጥይት ሣጥን ሆነና ባለቤቱ ወታደር ተባለ። ከሥራቸው የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ «ወዛደር፣ ገበሬና ወታደር» ተብሎ ተጻፈ። ጉንጮቹን ግን ማንም ሊነካቸው አልቻለም። ጥርሶቹም ባሉበት ቀሩ።

በማግሥቱ ጓድ እፀገነት ከሁለት ሰዎች ጋር መጣች። ካኪ ለብሳለች፤ ጫማዋ ወንዳወንድ ነው። ከግድግዳው ፊት ቆመችና እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ሦስቱን በየተራ መረመረቻቸው። ዘርኡ እሷን አላየም፤ በመንገዱ ማዶ የክፍሉን በር ያይ ነበር።

«ይህ ወዛደር» አለች በመጨረሻ፣ «ስንት ዓመቱ ነው?»

«ገና... ወጣት ወዛደር ነው፣ ጓድ» አለ ጓድ ጥላዬ።

«አንድ ጥርስ ነው ያለው።»

በዚህ መካከል ጋሽ አብርሃ ከቅዳሴ መጡ። እንደ ልማዳቸው ወደ ድንጋያቸው አመሩ፤ ቀና ብለውም አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ካባዬን ማን ወሰደው?» አሉ።

ጓድ እፀገነት ዞረች። «የምን ካባ ነው፣ አባት?»

«የዚህ ልጅ ካባ ነዋ። ትናንት ፊውዳሊዝም ነበር፤ ጥሩ ካባ ነበረው። ዛሬ ማጭድ አሲዘውታል። እሱ በዚህች እጁ ማጭድ ይችላል? እስኪ ፍረጂ።»

ጓድ ጥላዬ ዓይኑን ጨፈነ። ጓድ እፀገነት ወደ ገበሬው ሥዕል ቀርባ አጎንብሳ መረመረች፤ ባልደረቀው ቡናማ ሥር የካባው ወርቅማ ጥለት ብልጭ ይል ነበር።

«ሠዓሊው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዘርኡ።

«ሽማግሌው የሚሉት እውነት ነው?»

ጓድ ጥላዬ ከኋላዋ ሆኖ በቅንድቡ ይለምን ነበር። ዘርኡ ውሸት ፈለገ፤ አንድም የረባ አላገኘም፤ በዚያም ላይ ውሸት ሲናገር ጆሮው እንደሚቀላ ያውቃል።

«እውነት ነው፣ ጓድ። እስከ ትናንት ሦስቱም ጠላቶች ነበሩ። ከትናንት ወዲህ ወዛደር፣ ገበሬና ወታደር ሆነዋል።»

«በአንድ ቀን?»

በዚህ ጊዜ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ የየሺ ድምፅ መጣ፤ ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«ተሐድሶ ገብተው ነዋ።»

ተሐድሶ በዚያ ዘመን ጥፋተኛ የተባለ ሰው ተይዞ የሚማርበት፣ ተምሮም «ተለውጫለሁ» ብሎ የሚወጣበት ነገር ነበርና የሚሳቅበት አልነበረም። ጓድ እፀገነት ወደ የሺ አየች፤ ወደ ግድግዳውም ተመለሰች። ዓይኗ ከወዛደሩ ወደ ገበሬው፣ ከገበሬው ወደ ወታደሩ ሄደ፤ ሦስቱም በሁለት ሁለት ዓይናቸው መልሰው አዩዋት። አፏ ለአንድ ነገር ተከፍቶ ነበር፤ ዘጋችው።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አለች፣ «ይህን ሐሳብ ያመነጨኸው አንተ ነህ?»

ጓድ ጥላዬ ዓይኑን ገለጠ። «በ... በውይይት ነው የመጣው።»

«በከፍተኛው ውስጥ ባሉት ቀበሌዎች ሁሉ ጠላት ሲደበደብ፣ ሲረገጥ፣ ሲሸሽ ነው ያየሁት። አብዮቱ ጠላትን ለውጦ የራሱ ሲያደርገው የሚያሳይ ሥዕል ይህ የመጀመሪያው ነው። ካባው በሥሩ እንዲታይ መተዉም ትክክል ነው፤ ከምን እንደ ተለወጠ ሕዝቡ ይወቅ። ላስቲኩ ይቆይ።» ከዚያም ወደ ዘርኡ ዞረች። «የት ነው የምትሠራው?»

«ማዶ ባለችው ክፍል፣ ጓድ።»

«እዚያው ትሠራለህ። ሌሎቹም ቀበሌዎች እንዲህ ያለ ያስፈልጋቸዋል።»

«ጣሪያው ያፈሳል» አለች የሺ።

«ጓድ ጥላዬ ያሳድሰዋል» አለች ጓድ እፀገነት።

ባልደረቦቿ ወደ መኪናው ሲያመሩ እሷ ወደ ኋላ ቀረት አለች። ማንም አላየኝም ብላ መሐረቧን አወጣችና ከወታደሩ ጉንጭ ላይ አንዲት የዝናብ ጠብታ ጠረገች። ሮዝ ቀለም መሐረቧን ነካው፤ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሰዎች ከሚያስፈራቸው ነገር መጠበቅ ያውቁበታል፤ በር ይዘጋሉ፣ ድምፅ ይቀንሳሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ። በሚያሳሳ ነገር ላይ ግን በር የሚዘጋ የለም። ስለዚህ ጉንጭ የማይገባበት ቤት አይገኝም፤ ይዞት የሚገባውንም ማንም አይፈትሽም። ያን ዕለት ጉንጩ ይዞ የገባው የአንድ ሠዓሊ እንጀራ ሆነና ጉዳት አልደረሰም። ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ያስይዘዋል።

ቆርቆሮው በሰንበቱ ማግሥት መጣ፤ ጓድ ጥላዬ ራሱ ሠራተኞቹን ይዞ ነበር። ጣሪያው ተመትቶ ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ እሱ አልሄደም። በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለ፤ የበሬውን ሥዕል አየ፤ የመቀሱን ሥዕል አየ። ከዚያም በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቆቡን አወለቀ።

«በጽሕፈት ቤቴ የራሴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል» አለ። «ሰው ሲገባ እሱን አይቶ ነው የሚያንሾካሹከው።»

«አይቼዋለሁ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«በእሱ ቦታ ሥዕል ብሰቅል ብዬ ነበር።» ወደ በሩ ተመልክቶ የሺ አለመኖሯን አረጋገጠ። ግንባሩ ባልለመደው ሥራ ሲፈታ ትንሽ ተቸገረ። «እርስዎ እንደሚያውቁት አድርገው ይሣሉኝ፣ ጋሽ ዘርኡ። ጉንጭ አይሰስቱብኝ።»